የውሉ ጀርባ፦ የአንድ ባንክ የደብረ ብርሃን ሕግ ክፍል ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ሥራ ላይ ያዋለበት መንገድ

ጉዳዩ የተነሳው ከአንድ የሸዋ ሮቢት ነጋዴ ፋይል ነው። ነጋዴው ማሾና ሽንኩርት ገዝተው እያከማቹ የሚሸጡ ናቸው፤ ለብድሩ ያስያዙትም መጋዘናቸውን ነው። ብድሩ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ለሦስተኛ ጊዜ እንዲራዘምላቸው ሲያመለክቱ ፋይሉ ደብረ ብርሃን ወዳለው የባንኩ ዲስትሪክት ሕግ ክፍል ተላከ። አስተያየት እንዲጽፍ የተመራለት ባለሙያ ውሉን ገልብጦ ጀርባውን ሲመለከት የመያዣው ምዝገባ ዐሥር ዓመት ሊሞላው 19 ቀን ብቻ ቀርቶታል።

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3058 የመያዣ ምዝገባ የሚጸናው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ለዐሥር ዓመት መሆኑን ይደነግጋል። ከዚያ በፊት ካልታደሰ ባንኩ በንብረቱ ላይ ያለውን የቀዳሚነት መብት፣ ማለትም ከሌሎች ባለገንዘቦች ቀድሞ የመከፈል መብቱን፣ ያጣል። የአምስት ዓመት ብድር ሲሰጥ ማንም ይህን አያስብም፤ ብድሩ አንዴ ሁለቴ ሲራዘም ግን ዐሥር ዓመት ሳይታወቅ ይደርሳል። የነጋዴው ምዝገባ በጊዜው ታደሰ። የሕግ ክፍሉን እንቅልፍ የነሳው ግን ሌላ ጥያቄ ነበር፦ እንዲህ ያለ ስንት ፋይል አለ?

መልሱን የሚያውቅ አልነበረም። በዲስትሪክቱ ሥር ያሉት 14 ቅርንጫፎች ከሸዋ ሮቢትና ከደብረ ሲና እስከ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማና እነዋሪ የተበታተኑ ናቸው። በመያዣ የተሰጠው ብድር ፋይል ከ400 ይበልጣል፤ ሁሉም ወረቀት ነው። የሕግ ክፍሉ ያለው ሦስት ባለሙያና አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። በኮምፒውተሩ የብድር መዝገብ ላይ የብድሩ መክፈያ ቀን አለ፤ የመያዣው ምዝገባ ቀን የሚባል ቦታ ግን የለውም። ባንኩን እዚህ በስም መጥራት አያስፈልግም፤ ይህ ክፍተት የአንድ ባንክ ብቻ አይደለምና።

በስልክ የገባው ማሽን

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በእቅድ ከመግባቱ በፊት በጓሮ በር ገብቶ ነበር። ከባለሙያዎቹ አንዱ፣ ሥራ ሲበዛበት፣ በግል ስልኩ ላይ ባለ ነጻ ቻትቦት (በጽሑፍ ሲጠይቁት በጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም) ለባለዕዳ የሚላክ የሐራጅ ማስጠንቀቂያ አስረቅቋል። የረቂቁ አማርኛ ያማረ ነበር፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። የሕግ ክፍሉ ኃላፊዋ ከመፈረማቸው በፊት መስመር በመስመር ሲያነቡት የሚከተለውን አገኙበት።

ማሽኑ ቁጥር 3060ን ጠቅሶ ባንኩ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ንብረቱን መሸጥ አይችልም ብሏል። ቁጥሩ በእርግጥም አበዳሪው ሕግ ያዘዘውን ሥርዓት ሳይከተል መያዣውን እንዲሸጥ የሚፈቅድን ስምምነት ዋጋ ያሳጣል። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች ከተበዳሪው ጋር በውል ከተስማሙና ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከሰጡ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዷል። ማሽኑ ጠቅላላውን ሕግ ያውቃል፤ ለባንክ ተለይቶ የወጣውን አላየም። ስለ ሚስት ስምምነት ሲጽፍ ደግሞ የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992ን ጠቀሰ። ባልና ሚስቱ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ናቸው፤ የሚመለከታቸው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79/1995 ነው። የፌዴራሉን አዋጅም «213/2000 ዓ.ም.» ብሎ ጻፈው፤ የእንግሊዝኛውን ቁጥር ወስዶ የኛን ዘመን ቀጠለበት። በመጨረሻ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ በመዝገብ ቁጥር ጠቀሰ። ቁጥሩ በታተሙት ቅጾች ሁሉ ተፈልጎ አልተገኘም።

ይህ የመጨረሻው ስህተት በዓለም ሁሉ የታየ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትቦት የፈጠራቸውን ፍርዶች ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቅርበው ከነድርጅታቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። በእኛ አገር ጉዳቱ ከዚህ የከበደ ሊሆን ይችላል። በሰበር ችሎቱ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ነውና፣ የሌለ የሰበር ውሳኔ መጥቀስ የሌለ ሕግ እንደ መጥቀስ ነው።

ሌላው ጥፋት ከረቂቁ ውጭ ነበር። ባለሙያው ማሽኑ እንዲረዳው ብሎ የተበዳሪውን ስም፣ የቤት ቁጥርና የዕዳ መጠን አገር ውጭ ወዳለ ሰርቨር ልኳል። ባንክ የደንበኛን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የግል መረጃ ከአገር የሚወጣበትን ሁኔታ ገድቧል፤ መረጃ ሲያፈተልክም በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን እንዲገለጽ ያዝዛል። ኃላፊዋ ባለሙያውን አልቀጡትም። «ከልክዬ ብተወው በድብቅ ይቀጥላል» ብለው ለዲስትሪክቱ ሥራ አስኪያጅ ሁለት ነገር አቀረቡ፦ የደንበኛ ሰነድ በግል ስልክ ወደ ቻትቦት እንዳይገባ የሚከለክል የአንድ ገጽ መመሪያ፣ ሌላው በቢሮው ውስጥ የሚሠራ ማሽን እንዲገዛ የሚጠይቅ ማመልከቻ። ሁለቱን አንድ ላይ ማቅረባቸው ትክክል ነበር።

ምን ይጠየቅ?

አብዛኛው ውድቀት የሚጀምረው ማሽኑን ሁሉን እንዲያደርግ ከመመኘት ነው። ትልልቆቹ ባንኮች እንኳ የጀመሩት ከንባብ ነው። ጄፒ ሞርጋን ቼዝ በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ኮይን የተባለው ሥርዓት የንግድ ብድር ውሎችን ያነብ ነበር፤ በዓመት 360,000 ሰዓት የሚፈጅ የሰው ሥራ ይተካል ተብሎለታል። የደብረ ብርሃኑ ክፍልም ሥራውን በንባብ ገደበው። ለእያንዳንዱ ፋይል ዘጠኝ ጥያቄ ተዘጋጀ፦ ውሉ የተፈረመበት ቀን፤ መያዣው የተመዘገበበት ቀን፤ በመያዣው የተረጋገጠው ገንዘብ በብር ስንት እንደሆነ፤ የባለንብረቱ ስም ከይዞታ ማረጋገጫው ቁጥር ጋር፤ የትዳር ጓደኛ ፊርማ ወይም የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ፤ ዋስ ካለ የዋስትናው ከፍተኛ መጠን፤ በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን የሚሰጠው አንቀጽ፤ የመድን ሽፋኑ ማብቂያ፤ የማራዘሚያ ውሎቹ ቁጥርና ቀን።

ጥያቄዎቹ በዘፈቀደ አልተመረጡም። ገንዘቡ በኢትዮጵያ ብር ካልተገለጸ የመያዣው ውል በቁጥር 3045 መሠረት አይጸናም፤ ዋስትናም ከፍተኛው መጠን ካልተጠቀሰ በቁጥር 1922 መሠረት ዋጋ የለውም። «ይህ ውል ይጸናል ወይ?» የሚለው ግን ለማሽኑ አንድም ጊዜ አልቀረበም። ያ የባለሙያው ሥራ ነው፤ ፊርማውም ኃላፊነቱም የእርሱ ነውና።

ከዘጠኙ ጥያቄ በላይ አንድ ሕግ ተጻፈ፦ ማሽኑ መልስ ሲሰጥ መልሱን ያነበበበትን መስመር ከገጹ ምስል ቆርጦ ጎን ለጎን ካላሳየ መልሱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ባዶ መተው ይፈቀዳል፤ መገመት አይፈቀድም። የዚህ ሥራ ዋልታ ይህ ነው። የሞዴሉ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሙ) ዓይነትም ሆነ የኮምፒውተሩ ጉልበት ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ወረቀቱን ማዘጋጀት

ብዙ ጊዜ የፈጀው ስካን ማድረጉ ነው። መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ ተሞከረ። የቢሮዎቹ ማኅተም ወይን ጠጅ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚያርፈው በቁጥሩና በቀኑ ላይ ነው። በጥቁርና ነጭ ሲነሳ ማኅተሙና ጽሑፉ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኑ። በ300 ዲፒአይ የምስል ጥራት በቀለም ሲነሳ ግን ማኅተሙን በቀለሙ ለይቶ ማደብዘዝ ተቻለ። ስፒሉ ሳይነቀል የተነሳ ገጽ ማዕዘኑ ስለሚታጠፍ የመጀመሪያው ቃል ይጠፋል፤ ስለዚህ ስፒል መንቀል፣ ገጹን መዘርጋት፣ በቅደም ተከተል ቁጥር መስጠት፣ ከዚያ ማንሳት የሚል ቋሚ ሥርዓት ወጣ።

ቀጥሎ ፊደሉ አለ። ምስሉን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ፕሮግራም «በ»ን እና «ከ»ን ያምታታል፤ የሚለያቸው ከላይ ያለች ትንሽ ጭረት ናት። «በ30 ቀን» እና «ከ30 ቀን» ግን በውል ላይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ለዚህ ብልሃት አልተገኘለትም፤ ቀንና ቁጥር ያለበት መስመር ሁሉ በሰው ዓይን እንዲታይ ተወሰነ።

የስም ነገር ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አንዱ ሰው በውሉ ላይ «ኃይለማርያም»፣ በይዞታ ማረጋገጫው «ሃይለማሪያም»፣ በግብር ወረቀቱ «ኀ/ማርያም» ሆኖ ይገኛል። ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ቅጂ ተዘጋጀ፦ በእርሱ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ። ዋናው ጽሑፍ ግን አይነካም፤ ፍርድ ቤት የሚቀርበው እንደተጻፈው ነውና። ማሽኑ ምህጻረ ቃል እንዳይፈታም ተከለከለ። «ወ/ማርያም» የሚለውን ሁልጊዜ «ወልደማርያም» ብሎ ሲፈታ፣ በአንድ ፋይል ላይ የተበዳሪውን ሚስት ወለተማርያምን ወንድ አድርጓቸው፣ የሚስት ስምምነት የለም ብሎ ጽፎ ነበር።

ማሽኑና አሠራሩ

ቢሮው 24 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ያለው የግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት አንድ ኮምፒውተር ገዛ። ሞዴሉ በነጻ የተለቀቀና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው የደንበኛ ምሥጢር ከክፍሉ እንዳይወጣ፣ ሁለተኛው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው እንዳይቆም። መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት ዩፒኤስ የተባለው ኃይል አከማችቶ የሚሰጥ መሣሪያ ተጨመረ፤ መጀመሪያ ያለ እርሱ ሲሠራ መብራት በሄደ ቁጥር የተጀመረው ፋይል ከገጽ አንድ እንደገና ይጀመር ነበር።

እንዲህ ያለ መጠነኛ ሞዴል አማርኛው ደካማ ነው፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። በኮምፒውተር ላይ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይይዛል። ሞዴሎቹም ባብዛኛው የተሠሩት በሌላ ቋንቋ ጽሑፍ ስለሆነ አማርኛውን እየከታተፉ ነው የሚያነቡት። ስለዚህ የ14 ገጽ ውል በአንድ ጊዜ ቢሰጠው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያነበበውን መጨረሻው ሲደርስ ይረሳዋል። መፍትሔው ሥራውን መከፋፈል ሆነ። ቀንና ገንዘብ የሚለቅመው ሞዴሉ ሳይሆን ተራ ፕሮግራም ነው፤ «ቀን … ዓ.ም.» ወይም «ብር» ካለበት አካባቢ ይቆርጣል። ሞዴሉ ገጽ በገጽ እየተሰጠው የትኛው አንቀጽ ስለ ሐራጅ፣ የትኛው ስለ ዋስትና እንደሚናገር ብቻ ይጠቁማል። የመጨረሻውን የሚያጸድቀው ሰው ነው።

ገንዘብ ላይ የተጨመረው ፍተሻ ቀላልና ጠቃሚ ነው። ውሎቻችን ገንዘቡን በአኃዝም በፊደልም ይጽፋሉ። በአንድ የደብረ ሲና ፋይል አኃዙ 150,000 ተብሎ ተለቀመ፤ ፊደሉ ግን «አንድ ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ» ይላል። የመጨረሻዋ ዜሮ በማኅተሙ ክብ ሥር ገብታ ነበር። አኃዝና ፊደል ካልተስማሙ ፋይሉ ባለሙያ እንዲያየው ወደሚለይበት ቀይ ዝርዝር ይገባል።

ስድሳው ፋይል

ሙከራው በ60 ፋይል ተደረገ፤ ዘጠኝ ጥያቄ ሲባዛ 540 መልስ። ሁለት ባለሙያዎች የማሽኑን ሳያዩ ፋይሎቹን በእጅ መዘገቡ፤ ከዚያ ንጽጽር። እዚህ ላይ የሥራው ትልቁ ግኝት መጣ፤ ያገኙትም የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናቸው።

ሴትየዋ ከመጀመሪያው ማሽኑን በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት፤ እንጀራዬን ይወስደዋል ብለው ሰግተዋል። ወጣቱ ባለሙያ የማሽኑን ዝርዝር እየተመለከተ፣ «እትዬ፣ የምዝገባ ቀኑ በሁሉም ላይ ወጥቷል፤ አንድም ባዶ የለም» ሲላቸው ወረቀቱን ተቀብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይኼኮ የተፈረመበት ቀን ነው። የተመዘገበበት ጀርባው ላይ ነው፤ ጀርባውን መቼ አነሳችሁት?» አሉት። እውነት ነው፤ ስካን የተደረገው ፊት ለፊቱ ብቻ ነበር። መዝጋቢው ቢሮ ማኅተሙን አድርጎ ቀኑን በእጅ የሚጽፈው ውሉ ጀርባ ላይ ነው። ማሽኑ የምዝገባ ቀን ሲጠየቅ በእጁ ያለውን ብቸኛ ቀን ሰጠ። ጎን ለጎን ያሳየው የምስል ቁራጭም እውነተኛ ቀን ስለያዘ ማንም አልጠረጠረም።

ምስል ማሳየት ብቻውን እንደማይበቃ በዚህ ታወቀ። መልሱ ከየትኛው ገጽ፣ ከፊት ወይስ ከጀርባ እንደመጣ እንዲጻፍ፣ የምዝገባ ቀን ከጀርባ ካልመጣ ባዶ እንዲተው ተደረገ። በእጅ የተጻፈውን ማሽኑ ማንበብ አልቻለም። ሴትየዋ እንዲያነቡ፣ አንድ ባለሙያ እንዲያረጋግጥ ተመደቡ፤ የሥራ መደባቸውም «የመያዣ መዝገብ ተቆጣጣሪ» ሆነ። በሙከራው ላይ በአንዳንድ ፋይል በፊርማውና በምዝገባው መካከል ወራት አልፈዋል፤ በሕጉ የሚቆጠረው ደግሞ ከምዝገባው ነው።

የቀን ቆጠራውም የራሱ ወጥመድ አለው። ጥር 5 ቀን 2008 የተመዘገበ መያዣ ዐሥር ዓመት የሚሞላው ጥር 5 ቀን 2018 ነው። ፕሮግራሙ ግን ቀኑን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ይለውጥ ነበር፦ ጃንዩወሪ 14፣ 2016። ዐሥር ዓመት ደምሮ ጃንዩወሪ 14፣ 2026 ይላል፤ መልሶ ወደኛ ሲለውጠው ጥር 6 ይሆናል። ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመት አንድ ቀን ታንሸራትታለችና። ለመብት ማጣት አንድ ቀን ይበቃል። ስለዚህ ስሌቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሆን፣ ማስታወሻውም ከማብቂያው 180፣ 90 እና 30 ቀን አስቀድሞ እንዲወጣ ተወሰነ።

የሕጉ መደርደሪያ

ማርቀቅ የተፈቀደው ሁለተኛው ዙር ላይ ነው። ማሽኑ ከራሱ ትውስታ ሕግ እንዳይጠቅስ፣ ከተሰጠው የሕግ ስብስብ ብቻ እንዲጠቅስ ተደረገ። ስብስቡን ማዘጋጀት ቀላል አልነበረም። የፌዴራል ሕጎች የሚታተሙበት ነጋሪት ጋዜጣ ገጹ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ነው፤ በአንዱ አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ። ፕሮግራሙ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያነብ ግማሽ አማርኛ ግማሽ እንግሊዝኛ የሆነ ዝባዝንኬ አወጣ። ገጹ መሃል ለመሃል ተቆርጦ አማርኛው ብቻ ተወሰደ፤ በፌዴራል ሕግ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ነውና። የክልሉ ሕጎች ደግሞ ከክልሉ የሕግ ጋዜጣ፣ ከዝክረ ሕግ፣ ተለቅመው ገቡ።

ለእያንዳንዱ ድንጋጌ «የጸና»፣ «የተሻሻለ» ወይም «የተሻረ» የሚል ምልክት ተለጠፈ፤ ይህን ያደረጉት ባለሙያዎቹ በእጃቸው ነው። ቁጥር 1723 ጥሩ ምሳሌ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲሆን ያዛል። በአዋጅ 639/2001 ግን ለባንክና ለማይክሮ ፋይናንስ ብድር የሚደረግ የመያዣ ውል ከዚህ ግዴታ ወጥቷል። ማሽኑ ያለ ምልክቱ ሲያረቅቅ፣ ሳይጠየቅ የባንኩን ግማሽ ውሎች ፈራሽ አድርጓቸው ነበር። መሻሩ በከፊል ሲሆን ይባስ ይደናገራል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013፣ የ1952ቱን ሙሉ በሙሉ አልሻረውም፤ ቼክና ሌሎች የሚተላለፉ ሰነዶች የሚዳኙበት መጽሐፍ አሁንም ይሠራል። ምልክቱ በሕጉ ስም ላይ ብቻ ከሆነ ማሽኑ ይህን ይስታል፤ በየቁጥሩ መሆን አለበት።

እጅ ሲላመድ

ሥራው ከተጀመረ ሁለት ወር ገደማ በኋላ የማጽደቂያው ፍጥነት በድንገት ጨመረ። ኃላፊዋ ይህን እንደ መሻሻል አልወሰዱትም። የታወቀ ስህተት ያለባቸው አምስት መልሶች በየሳምንቱ በምሥጢር እንዲጨመሩ አደረጉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከአምስቱ ሁለቱ «ትክክል» ተብለው አለፉ። ያጸደቁት ሰነፎች አልነበሩም፤ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ልክ ሲሆን የሰው ዓይን ማንበቡን ትቶ ማየት ብቻ ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው በተከታታይ ከ25 ፋይል በላይ አያጸድቅም፤ ቀኑንም አይቶ «ትክክል» ከመጫን ይልቅ በራሱ እጅ መልሶ ይተይበዋል። ይህ ሥራውን ያዘገየዋል፤ መዘግየቱ ግን ተገቢ ነው።

ማሽኑ ጨርሶ ያልቻላቸው አሉ። በጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ላይ «ያላገባ» የሚል ቃል ካየ የትዳር ጓደኛ ፊርማ አያስፈልግም ብሎ ያልፋል። ማስረጃው የተሰጠው ውሉ ከመፈረሙ ብዙ ጊዜ በፊት ከሆነ በመካከሉ ጋብቻ ሊኖር እንደሚችል አይጠይቅም። ስርዝ ድልዝም አለ፦ ቁጥሩ ተሰርዞ ከጎኑ በእስክሪብቶ የተጻፈውንና የተፈረመበትን ትቶ የተሰረዘውን ያነባል። እነዚህ ሁለቱ ያሉበት ፋይል በቀጥታ ወደ ባለሙያ ይሄዳል።

የሁሉም ቅርንጫፍ ፋይል ታይቶ ሲያልቅ ቀይ ዝርዝሩ ተለየ። ከዝርዝሩ ውስጥ ምዝገባቸው በስድስት ወር ውስጥ የሚያበቃ 11 ፋይሎች ነበሩ፤ የማደሻ ደብዳቤያቸው ተጻፈ። ሰባት ፋይሎች ደግሞ ጀርባቸው ባዶ ነው፤ ማኅተምም ቀንም የላቸውም። ከሰባቱ አራቱ የመሐል ሜዳ ናቸው። ምዝገባው በመዝጋቢው ቢሮ ባሕር መዝገብ ላይ ሰፍሮ ውሉ ላይ ሳይጻፍ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ከነጭራሹ አልተመዘገበም፤ ልዩነቱን ስካንም ሞዴልም አይነግርም። ወጣቱ ባለሙያና የመያዣ መዝገብ ተቆጣጣሪዋ የአራቱን ፋይል ዋና ቅጂ ይዘው፣ ባሕር መዝገቡን ገጽ በገጽ ሊያገላብጡ፣ በማግሥቱ ማለዳ ወደ መንዝ ወጡ።